ቡና የተሰጣበት አስፋልት

ከሚዛን ተፈሪ ከተመለስኩ ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች ባገኙኝ ቁጥር ስለ አገሩ ይጠይቁኛል። እኔ ቆሜ ማውራት አልችልበትም፤ ወሬዬ ያጥርና ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ የሆነውን በየቀኑ አድርጌ ጻፍኩት። ልጆቻቸው ያንብቡላቸው። ያን ሁሉ መንገድ ጠብቆ ላመላለሰን አምላክ ምስጋና ይግባው።

የሄድኩት ልጄን ትዕግሥትን ተከትዬ ነው። ትዕግሥት እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወጣቶች ባቋቋሙት የብስክሌት ቡድን ትጋልባለች። የምትጋልበው ኮርስ ብስክሌት የቡድኑ ነው፤ እኛ ቤት የሚያድረው በአደራ ነው። በኅዳር ወር ከየቦታው የተውጣጡ አማተር ብስክሌተኞች ከሚዛን ተነሥተው ቴፒ ድረስ እንደሚወዳደሩ፣ ከሴቶቹም ቀድመው የሚገቡትን ሦስቱን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ እንደሚወስዳቸው ተነገራት። በዚያው ሰሞን ደግሞ እዚሁ ከተማችን ባለው ኮሌጅ መምህርነት እንድትማር ተመድባለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ የሚመክራት እኔ ብቻ ነኝ። አስቤበት አንድ ማታ እንዲህ አልኳት፦

"ከሦስቱ አንዷ ከሆንሽ መርቄ እሸኝሻለሁ። ካልሆንሽ ግን ብስክሌቱን ለቡድኑ ትመልሺና ትምህርትሽን ትጀምሪያለሽ።"

"ቃል ነው?" አለችኝ።

"ቃል ነው።"

ብቻዋን ልሰዳት አልፈለግሁም። በቡድኑ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ናት። አሰልጣኙ ዳዊትም "እትዬ አሰለፈች፣ ሚኒባሱ ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ይምጡና ስንቃችንን ይያዙልን" አለኝ። ሄድኩ።

ሐሙስ

ከቤት የወጣነው ሳይነጋ ነው። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ሦስቱ ብስክሌቶች ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታሰሩ፤ አንዱ የትዕግሥት፣ ሁለቱ አብረዋት የሚወዳደሩት ወንዶች ልጆች። የእሷን እንዳይፋቅ ብዬ በአሮጌ አንሶላ ጠቀለልኩት። ሹፌሩ ጋሽ በየነ አይቶ "ሙሽራ ነው እንዴ የምንወስደው?" አለ። ስንቁን ማለትም በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በከረጢት አድርጌ እዚያው ብስክሌቶቹ አጠገብ አስቀመጥኩ። ማስቀመጥ እንዳልነበረብኝ በማግስቱ አወቅሁ።

አዲስ አበባን እስክናልፍ ረፋዱ አለቀ። ወልቂጤ ላይ ምሳ በላን። የነቢያት ጾም ስለገባ ሽሮና ጎመን አዘዝን፤ ከጋሽ በየነ በቀር። እሱ "መንገደኛ ነኝ" ብሎ ጥብስ በላ። መንገደኞች ሁላችንም ነበርን።

ወደ ጊቤ በረሃ ስንወርድ መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ነጠላዬ ብቻ ቀረችኝ። ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። እኛ አገር ሰው ልብሱን የሚያወልቀው ሊተኛ ሲል ነው፤ ያውም ሁልጊዜ አይደለም።

ጅማ የገባነው ሲመሽ ነው። ያደርንበት አልቤርጎ ንጹሕ ነበር፤ ቧንቧው ግን ውሃ አልነበረውም። የቤቱ ባለቤት አንዲት ሴት ናት። ትዕግሥትን አየችና የሞቀ ውሃ በባልዲ ይዛላት መጣች። "ስፖርተኛ እግሩን ሳይታጠብ አይተኛም ሲሉ ሰምቻለሁ" አለችን። ከማን እንደሰማች አልጠየቅኋትም። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ልጄ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ዓርብ

ከቦንጋ በኋላ ያለውን መንገድ ላላየው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ዘንድ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ሰው ይተክለዋል፣ ሰው ይቆርጠዋል። እዚያ ዛፉ ማንም ሳይተክለው የቆመ ነው፤ ሰው ነው በዛፉ መካከል ቦታ ፈልጎ ቤት የሠራው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡና አለ። እኔ ቡናን የማውቀው ከገበያ በጣሳ ተሰፍሮ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ቀልቶ ሳየው ጋሽ በየነን አስቆምኩት። ከመንገዱ ዳር አንድ ፍሬ ቀጥፌ ቀመስኩ፤ ልጣጩ ይጣፍጣል። ለካ ባለቤቱ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያየኛል። አፈርኩ። እሱ ግን መጥቶ አንድ እፍኝ ጨመረልኝና "እንግዳ ናችሁ መሰለኝ፤ ፍሬውን እንዳትውጡት" አለን።

ከዚያ ዝናብ ጀመረ። በኅዳር ዝናብ ይዘንባል ብዬ አላሰብኩም። እኛ ዘንድ ኅዳር የአጨዳ ወር ነው፤ ደመና ሲታይ ሰው ይደነግጣል። እዚያ ግን ሰዉ የሙዝ ቅጠል ራሱ ላይ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ሚዛን ደርሰን ከረጢቱን ከጣሪያ ስናወርደው ዳቦ ቆሎው ርሷል፣ በሶው ቦክቷል። ለልጄ ጉልበት ይሆናታል ብዬ ከገብሱ መርጬ፣ ቆልቼ ያስፈጨሁት ነበር። ዳዊት እጁን ከትቶ አየና "እትዬ፣ እሳት ብቻ ነው የቀረው፤ ዳቦ ሆኗል" አለኝ። ሳልፈልግ ሳቅሁ።

ተይዞላችኋል የተባልንበት አልቤርጎ ሌላ ቡድን ገብቶበት ቆየን። ከአዘጋጆቹ አንዱ ይቅርታ ጠይቆ ወንዶቹን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ፍራሽ አስነጠፈላቸው፤ እኔንና ትዕግሥትን ደግሞ አማን ወዳለ ቤት ላከን። አማንና ሚዛን ሁለት ከተማ ናቸው ይባላል እንጂ የሚለያቸውን ቦታ እኔ አላየሁትም።

የተቀበለችን ወይዘሮ ማርታ ትባላለች። እሷና ባለቤቷ አቶ ያዕቆብ የቤንች ተወላጆች ናቸው፤ እምነታቸው ፕሮቴስታንት ነው። በር ላይ ሳለን ሽታው ገባኝ። ዶሮ ሠርታ ነበር የምትጠብቀን። ከሩቅ አገር እንግዳ ይመጣል ሲሏት ያላትን አንድ አውራ ዶሮ አርዳለች። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ትዕግሥት ወለሉን ታያለች። በመጨረሻ "ወይዘሮ ማርታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ግን እስከ ገና ጾመኞች ነን" አልኳት።

ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በቋንቋቸው ለባሏ አንድ ነገር ተናገረችና ሁለቱም ሳቁ።

"ምን አልሽው?" አላት ጋሽ በየነ፤ እቃችንን አድርሶ ገና በር ላይ ነበር።

"ዶሮው በከንቱ ሞተ አልኩት።"

"በከንቱማ አይሞትም" አለና ጋሽ በየነ ገብቶ ተቀመጠ።

እኛ በጨው የተቀቀለ ጎደሬ በላን። እንደ ድንች ነው፤ ከድንች ግን ይከብዳል፣ አፍ ውስጥም ይይዛል። አቶ ያዕቆብ ከመብላታችን በፊት ረጅም ጸሎት አደረገ። እኔም አማተብኩ። ሁላችንም አሜን አልን።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ቀኑንም ደገመው። ዳዊት መንገዱን ጋልባችሁ ታዩታላችሁ ብሎ ነበር፤ ቀረ።

ጠዋት ወይዘሮ ማርታ በዝናብ ወደ ገበያ ወጣችና አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ ተመለሰች። አጠበችው፣ ውሃ አፈላችበትና አሳየችኝ። "ይኼ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። የእናንተ ነው" አለችኝ። እኔ ይህን ያህል አልጠየቅኋትም ነበር። ለእሷ ጾም ባልሆነ ቀን፣ ለእኔ ጾም ስትል በዝናብ መሄዷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚያ ድስት ጎመን ሠራችልን። ከሰዓት በኋላ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ያለበት መጠጥ አቀረበችልን፤ ጨሞ ይሉታል። ጨው አለበት። መጀመሪያ ፊቴን አጨፈገግሁ፤ ሁለተኛውን ስኒ ራሴ ጠየቅሁ። ከሰዓት በኋላ አንቱታው ቀርቶ አንቺ መባባል ጀምረን ነበር።

ሳሎኗ ውስጥ ወለሉ ላይ ቡና ተሰጥቷል። ከነልጣጩ የደረቀ ነው፤ ጀንፈል ይሉታል። ውጭ ዝናብ ስለሆነ እንዳይሻግት ሁሉም ሰው በየቤቱ እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። ከበሩ እስከ ጓዳ የሚያስኬድ ቦታ የቀረው በግድግዳው ጥግ ብቻ ነው። ትዕግሥት ግድግዳውን ተደግፋ በእግሯ ጣቶች ነበር የምታልፈው።

"ልጅሽ ምነው እንደ ድመት ትሄዳለች?" አለች ማርታ።

"የተሰጣ እህል አይረገጥም ብዬ ነው ያሳደግኋት። እኛ ዘንድ አውድማ በጫማ አይገባም። የሚሄድበት በሬ ብቻ ነው።"

"ቡና እህል ነው እንዴ?"

"እንደተሰጣ ካየሁት ለእኔ እህል ነው።"

ትዕግሥት ከጓዳው ሆና "ልጅ ሳለሁ ገብስ ላይ ዘልዬ የመታችኝን አልረሳሁም" አለች። ማርታ ሳቀች። እኔ መምታቴን አላስታውስም፤ ካለች ግን መትቻት ይሆናል።

አመሻሽ ላይ መኪና በድምፅ ማጉያ እየተናገረ በሰፈሩ አለፈ። ነገ የብስክሌት ውድድር ስላለ ከሚዛን እስከ ቴፒ ማንም ሰው አስፋልት ላይ ቡና እንዳያሰጣ ይላል። ማርታ በመስኮት አየችው። "ነገ ፀሐይ ከወጣ የሚሰማው የለም" አለች። "ሦስት ቀን እቤት የታፈነ ቡና ያለው ሰው ብስክሌት አይታየውም።" ነገሩን እንደ ቀልድ አልፌው ለእራት ጎደሬ ልልጥ ተቀመጥኩ።

ስንተኛ ትዕግሥት "እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪልኝ?" አለችኝ።

"በሰላም እንድትገቢ።"

"ሦስተኛ እንድወጣስ?"

"እሱን አንቺ ጸልዪ። እኔ የሌላውን ሰው ልጅ ወደ ኋላ አስቀርልኝ ብዬ መጸለይ አይሆንልኝም።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቅር እንዳላት ገባኝ።

እሑድ

ሊነጋጋ ሲል ሚዛን ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስቀደስኩ። ዜማው የእኛው ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ስወጣ ሰማዩ ጠርቷል። ፀሐይ ወጥታለች፤ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሣል። በየደጁ ሰው እየተጣደፈ ሰሌንና ሸራ ዘርግቶ ቡናውን ያወጣል።

ትዕግሥት በሶው ስለሌላት ማርታ የቀቀለችውን ጎደሬና ሙዝ በላች። ማርታ ሁለት ሙዝ ደግሞ በማሊያዋ ኪስ ከተተችላት። "ጌታ ይርዳሽ" አለቻት። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጠበል ምግብ ሳትቀምስ አስጠጥቻታለሁ።

ወንዶቹ ቀድመው ተነሡ፤ ሴቶቹ ቀጥለው። እኛ በሚኒባሱ ከኋላ እንከተላለን። ዳዊት ፊት ለፊት ተቀምጦ በመስኮት አንገቱን ያወጣል፤ እኔ ከኋላው መቁጠሪያዬን ይዣለሁ። መንገዱ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል፣ ደግሞ ይወጣል። በግራም በቀኝም ጫካ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ልጆቹ እንደዚያ ሲፈጥኑ ሳይ ብዙ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አስፋልቱ እዚያም እዚያም ርጥብ ነበር። አንዷ ወጣት መታጠፊያ ላይ ወደቀች፤ ክርኗ ተልጦ ተነሣችና ቀጠለች።

ከመንገዱ ግማሽ በኋላ አራት ሴቶች ከሌሎቹ ርቀው ወጡ፤ እኛም ሌሎቹን አልፈን ከእነሱ ኋላ ሆንን። አንዷ ትዕግሥት ናት። ዳዊት ወደ እኔ ዞረና "እትዬ አሰለፈች፣ ከአራቱ አንዷን ብቻ ነው መቅደም ያለባት። ዳገቱ ላይ ትቀድማለች፤ አውቃታለሁ" አለኝ። አዲስ አበባ ብቻዋን እንዴት ትኖራለች የሚለውን ያኔውኑ ማሰብ ጀመርኩ።

ወደ ቴፒ ስንቃረብ ሰዉ በዝቶ ነበር። እዚህም እዚያም አስፋልቱ ዳር ቡና ተሰጥቷል፤ የሚበዛው ሰው ግን ብስክሌት ሲመጣ በመጥረጊያ ወደ ዳር ይሰበስበዋል። አንድ መታጠፊያ ስንዞር ግን ግማሹ አስፋልት በቡና ተሸፍኗል። በዚያ በኩል ማለፍ የግድ ነው፤ በሌላው በኩል ሕዝቡ ቆሟል። ሦስቱ ሴቶች ቀጥ ብለው ሄዱበት። ከጎማቸው ሥር ሲንቋቋ ሚኒባሱ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

ትዕግሥት አልሄደችበትም። ፍሬን ያዘች፣ ከአስፋልቱ ወጥታ በጠጠሩ ዳር ዳሩን ልትዞር ሞከረች፣ ተንገዳገደችና እግሯን መሬት አስነካች። የብስክሌቱ ካቴና ወለቀ።

ዳዊት ዘልሎ ወረደ። እኔም ተከተልኩት። እሱ ካቴናውን ሲያስገባ እሷ መሪውን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ከሄዱት ሴቶች ላይ ነው። ከቡናው ጫፍ ጃንጥላ ይዛ የተቀመጠች በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ተነሥታ መጣች።

"ምን ሆነች ልጅቷ?" አለችኝ።

"ቡናሽን ላለመርገጥ ነው።"

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቡናውን አየች፤ እኔን አየች። "መኪና ይሂድበት ብዬ እኮ ነው ያሰጣሁት" አለች። "ደርቋል። ጎማ ሲሄድበት ልጣጩ ይሰበርልኛል፤ በሙቀጫ ከመውቀጥ ይሻላል። ለምን አልሄደችበትም?"

ትዕግሥት ሰምታለች። ካቴናው ገባ፤ ፔዳሉን ረገጠችና ሄደች።

ዳገቱ ላይ ከሦስቱ የመጨረሻዋን ከሩቅ አየቻት፤ ተጠጋቻት፤ አልደረሰችባትም። ቴፒ መግቢያው ላይ በመካከላቸው የቀረው ርቀት ከቤቴ በር እስከ አጥሬ የሚያህል ነበር። አራተኛ ወጣች። በሰላም ገባች። የጸለይኩት ይህንኑ ነበር፤ አመሰገንኩ። የእሷን ፊት ሳይ ግን ምስጋናውን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ከክለቡ የመጡት ሰው የሦስቱን ሴቶች ስም መዘገቡ። ዳዊት ሄዶ የሆነውን ነገራቸው። ሰውዬው አዳመጡትና "ጎበዝ ልጅ ናት፤ እኔ ግን የታዘዝኩት ሦስት ነው" አሉ። ሐቃቸውን ነው።

ቴፒ ሙቀቱ የጊቤን ይመስላል። ማታ አልቤርጎው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ፓፓያ በላን። ጋሽ በየነ የፓፓያውን ልጣጭ ወርውሮ ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ አሰለፈች፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው" አለኝ። "ምግባር አስተምረው አሳደጓት። ብስክሌት ደግሞ ምግባር አይወድም።"

"ጋሽዬ፣ ስለ ምግባር አንተ አታውራ" አለችው ትዕግሥት። "የሰው ዶሮ ጨርሰህ ነው የመጣኸው።"

ሁሉም ሳቁ። እሷም ትንሽ ሳቀች። ቆይታ ግን ወደ እኔ ጠጋ አለችና "እህል አለመሆኑን አውቄዋለሁ፤ እጄ ነው ፍሬን የያዘው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ውድድሩ አላነሣችም።

ሰኞ

በመጣንበት ተመለስን። ያ መታጠፊያ ስንደርስ ሴትዮዋ መንገዱ መሐል ቆማ እጇን ታውለበልባለች። ጋሽ በየነ ቆመ። ስሟ ዓለሚቱ ነው። በዚያ በኩል ማለፋችን አይቀርም ብላ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቀን ኖሯል። በማዳበሪያ ከረጢት ጀንፈል ቡና ይዛለች።

"ስንተኛ ወጣች?" አለችኝ በመጀመሪያ።

"አራተኛ።"

"ስንት ነበር የሚፈለገው?"

"ሦስት።"

ዓለሚቱ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሚኒባሱ ገብታ ከረጢቱን ትዕግሥት እግር ሥር አስቀመጠችው። "ልጄ፣ በዚህ መንገድ ስንት መኪና ያልፋል። ለቡናዬ ብሎ ዳር የወጣ አይቼ አላውቅም" አለቻት። "አልተፈለፈለም፤ ጊዜ አላገኘሁም። እናትሽ ታውቅበታለች።" ትዕግሥት ተነሥታ ትከሻዋን ሳመቻት።

አማን ላይ ወይዘሮ ማርታን ለመሰናበት ወረድን። ውጤቱን ሰምታለች። ለመንገድ የሚሆን ሙዝ ከነዘለላው ሰጠችን፤ ጋሽ በየነን "ለአንተ ዶሮ የለም" አለችው። ያን የሸክላ ድስት ይዘሽ ሂጂ ትለኛለች ብዬ ነበር፤ አላለችም። መደርደሪያው ላይ ለብቻው አስቀምጣዋለች። "ይኼ እዚህ ይቆያል" አለችኝ። "ሥጋ አላስነካውም። ልጅቷ ለሚቀጥለው ውድድር ስትመጣ ትጾሙበታላችሁ።"

የሚቀጥለው ውድድር ስትል ትዕግሥት ወደ ውጭ ወጣች። ማርታ ስለ ቃላችን አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

ያን ዕለት ማታ ጅማ እዚያው አልቤርጎ አደርን። ባለቤቲቱ አሁንም የሞቀ ውሃ አመጣች፤ ትዕግሥት ስንተኛ እንደወጣች ግን አልጠየቀችም። ይህም ደግነት ነው።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። በመንገድ ላይ ስለ ትዕግሥት ሳስብ ዋልኩ። ልትወቅሰኝ ትችል ነበር። አንቺ ባታስተምሪኝ፣ አንቺ ባትመቺኝ፣ አንቺ ሦስተኛ እንድወጣ ብትጸልዪልኝ ልትል ትችል ነበር። አንዱንም አላለችም። ጊቤን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጨልሟል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ብስክሌቱን ከአንሶላው ፈትታ አስገባችና እንደ ሁልጊዜው ጭቃውን ጠራርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

"ነገ ከሰዓት ለዳዊት እመልሰዋለሁ" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት።

ረቡዕ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። ለልጄ ቃል እንደገባሁ፣ አሁን ግን ቃሌ እንደከበደኝ ነገርኳቸው። ዓለሚቱን፣ ቡናውን፣ ሁሉንም። እሳቸውም "ቃሉን የገባሽው ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለልጄ።"

"እንግዲያስ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ? እሷው ትፍታሽ።"

ቤት ተመልሼ ግቢውን ጠረግሁ። ከቤቴ በር ፊት ለፊት ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ አለ፤ ገብስ የማሰጣው እዚያ ነው። የዓለሚቱን ጀንፈል አፈሰስኩና በስሱ በተንሁት። ትዕግሥት ብስክሌቱን ይዛ ልትሄድ ስትወጣ ቡናውን አየችና እንደ ልማዷ ግድግዳውን ተጠጋች።

"ሂጂበት" አልኳት።

"ምን?"

"በብስክሌቱ ሂጂበት። ልጣጩ ይሰበር።"

"እማዬ፣ የተሰጣ ነው እኮ።"

"ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ሂጂበት።"

ቡናውን ደግማ አየችው። ከዚያ ወጣችበትና በዝግታ ሄደችበት፤ ተንቋቋ። ዞራ ተመለሰች። ሁለተኛውን ፈጠን አለች።

"በሬ አደረግሽኝ" አለችኝ።

"በሬ አውድማ ላይ አይናገርም።"

ሳቀች። ከቴፒ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ስትደክም አንድ እግሯን አውርዳ ቆመች። ያኔ ነገርኳት፤ ኮሌጁ እዚሁ ከተማ ነው፣ ትምህርቱን ትጀምራለች፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትለማመዳለች። ከርሞ ውድድር ካለ ትሄዳለች፤ ድስቱም ይጠብቀናል።

"ቃላችንስ?" አለችኝ።

"ከእሱማ አንቺ ፍቺኝ።"

መሪውን እንደያዘች አየችኝ። "ፈታሁሽ" አለች፤ ደግማ ቡናው ላይ ወጣችበት።

ብስክሌት ቀላል ነው፤ እንደ መኪና አይሆንም። ከተሰጣው ግማሹ እንኳ አልተፈለፈለም። የቀረውን በሙቀጫ ወቀጥኩት። ለማኅበራችን ሴቶች ከዚያ ቡና አስቀምጬላቸዋለሁ። ዳዊትን አነጋገርኩት፤ እሺ አለ። ብስክሌቱ አሁንም እኛ ቤት ያድራል።